ኮከቡ የነቃ ሰሞን

ያ ሐሙስ ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። ዘንቧል። ሰኔ ነው፤ ደብረ ማርቆስ በሰኔ ይዘንባል፤ ይበርዳል። ከምሠራበት የሞባይል ጥገና ሱቅ መጥቼ፣ ጫማዬን ደጃፉ ላይ አራግፌ ስገባ እህቴ አልጋዋ ላይ ነበረች። ጋቢ ተከናንባ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። እራት አልተሠራም። ተራው ደግሞ የእሷ ነበር።

«እታለም፣ ዛሬ ጦማችንን ልናድር ነው?» አልኳት።

«ዝም በልና ና እይልኝ» አለች፤ ቀና እንኳ ሳትል።

ሄጄ አየሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሁልጊዜም የነበረው ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘሩ ነጥቦች። እያንዳንዱ ነጥብ የአንድ ቀን ነው። ከእሷ ጋር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ከታች ተኝተው ነው የማውቃቸው። በቀኝ በኩል ያሉት የመጨረሻዎቹ ግን ከወለሉ ተነሥተዋል። ትንሽ ነው። ባታሳየኝ ኖሮ አላስተውለውም።

«ከፍ ብሏል» አልኩ።

«ከፍ ብሏል አትበል። ከፍ ያለ ይመስላል በል።»

እህቴ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምር ነበር። እኔን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው ሲጥለኝ ከይጁቤ አምጥታ አብሬያት እንድኖር አደረገች። ሱቁም ውስጥ ያስገባችኝ እሷ ናት። ከማስተማሩ ሌላ ለዶክትሬቷ የምታጠናው ኮከብ ነበራት። ኮከብ እላለሁ እንጂ ሁለት ናቸው። እንዳስረዳችኝ እጽፈዋለሁ፤ ስሕተት ካለበት የእኔ ነው። ሁለት ኮከቦች ተጣምረው ይዞራሉ። አንደኛው እንደኛ ፀሐይ ያለ ነው። ሌላው ሞቷል፤ ሞቶ፣ ተጨምቆ፣ ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል፤ አይታይም። የሞተው ከሕያው ላይ ጋዝ ይስባል። የተሳበው ጋዝ ግን ቶሎ አይገባለትም። ዙሪያውን እየተሽከረከረ ይጠራቀማል። ለዓመታት ይጠራቀማል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ምንም አይታይም። አንድ ቀን የተጠራቀመው ይግልና ወደ ውስጥ መፍሰስ ይጀምራል። ያን ጊዜ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ኃይለኛ ራጅ ይለቃል። ሆስፒታል የምንነሣው ዓይነት ራጅ። ከዚያ ተመልሶ ጸጥ ይላል።

እኔ «ፈነዳ» ስል ትቆጣ ነበር። የሚፈነዳ ኮከብ ይጠፋል፣ ይሄ ግን ነቅቶ ተመልሶ ይተኛል ትላለች። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ «ነቃ» እና «ተኛ» ነበር የምንለው።

ራጁ መሬት አይደርስም። አየሩ ይውጠዋል። የሚያየው ከአየሩ በላይ ሆኖ መሬትን የሚዞር ቴሌስኮፕ ብቻ ነው። ያ ቴሌስኮፕ በዞረ ቁጥር ሰማዩን ይጠርጋል፤ ከየትኛው ኮከብ ስንት ራጅ እንደመጣ ይቆጥራል፤ ቁጥሩም ለፈለገ ሁሉ ይለቀቃል። ለፈለገ ሁሉ ማለት አልጋ ላይ ጋቢ ተከናንባ ለተቀመጠች ሴትም ነው። ብቻ በዚያ ሰሞን የስልክ ዳታ አይሠራም ነበር። ቁጥሩን የምታወርደው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሄዳ በዋይፋይ ነው። ዋይፋዩ የጠፋ ቀን ሰላም የላትም። «አሁን ነቅቶ ቢሆንስ?» እያለች ቤቱን ትዞራለች። የእሷ ኮከብ ጥናቱን ከጀመረች ወዲህ አንድ ጊዜም ነቅቶ አያውቅም።

«ታዲያ ምነው ደስ አላለሽ?» አልኳት።

«ፀሐይ ወደዚያ ሰፈር እየቀረበች ነው፤ ቆጠራውን ታበላሻለች። አጠገቡ ደግሞ ደማቅ ኮከብ አለ፤ የጎረቤት ራጅ ገብቶብኝ ይሆናል። ስንት ሰው ነቃ ብሎ አውጆ እንዳፈረ ታውቃለህ? ሁለተኛ መሣሪያ ሳያይልኝ አፌን አልከፍትም።»

«ማን ነው የሚያይልሽ?»

«ሲለምኑት ዞሮ ትኩር ብሎ የሚያይ ሌላ ቴሌስኮፕ አለ። ነገ ግቢ ሄጄ ጥያቄ እልካለሁ።»

«ዛሬ ነው በቃ የነቃው?»

«ዛሬ ያየነው ነው። ብርሃኑ እስኪደርሰን ስንት ሺህ ዓመት ይፈጃል፤ የነቃውማ አክሱም ሳይሠራ ነው፣ አንተ ደንቆሮ» አለችና ሳቀች። በዚያን ቀን መጀመሪያ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

አከራያችን ያዋሱንን ባልዲ ሊወስዱ መጡ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት በሩ ላይ ቆመው «ኮከብ ቆጣሪዋ፣ የእኔንስ አላየሽልኝም?» አሏት።

«እማማ፣ የእርስዎ ኮከብ ራጅ አይለቅም።»

«ምን ሊለቅ! እኔ ራሴ ራጅ የተነሣሁ ጊዜ ሐኪሙ አጥንትዎ የኮረዳ ነው ብሎኛል» ብለው ባልዲያቸውን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ እናታችን ደወለች። እናታችን ይጁቤ አጠገብ ካለው መንደራችን አልወጣችም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ መሬቱን በእኩል ታሳርሳለች። ሲመሻሽ ከብቶቹን ታስገባና ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥታ ትደውላለች። እህቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን መሐላችን አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ነቅቷል መሰለኝ።»

«ማነው የነቃው?»

«ኮከቡ።»

«እሰይ! እንግዲህ እሱ ከነቃ አንቺ ትተኛለሽ» አለች እናቴ። «ያ ጎረምሳስ ያነባል?»

«ሽቦ ሲበጣጥስ ነው የሚውለው።»

«ውሸቷን ነው፣ እማዬ» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ሳቁብኝ።

ዳቦ በሻይ በልተን ተኛን።

ዓርብ ጠዋት ቀድማኝ ወጣች። ቁርስ አልቀመሰችም። በሩን ስትዘጋ ሰምቻለሁ፤ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ነበር። «ደህና ዋይ» ብያት ይሆናል። አላስታውሰውም።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል የአንድ ሰው ስልክ ፈትቼ እየሠራሁ ሳለ አብሯት የሚያስተምር ሰው ደወለልኝ። አብረው አንድ ቢሮ ነው ያሉት፤ እሱም ስለ እነዚያ ኮከቦች ነው የሚያጠናው። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር።

«እህትህን ትንሽ አሟት ሆስፒታል ይዘናት መጥተናል። ብቻህን አትምጣ። አንድ ሰው ይዘህ ና።»

እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ትንሽ የታመመ ሰው ጋ ብቻ ነው የሚኬደው። ሰው ይዘህ ና የሚባለው ለሌላ ነገር ነው። እኔ ግን ማንንም ሳልይዝ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ለራሴ የምለው አንድ ነገር ነበር፤ የነገረኝ አንድ ሰው ነው፣ በስልክ ነው የነገረኝ፣ ሁለተኛ ሰው አላየም። እንደ እሷ ነበር የማስበው። ሆስፒታሉ በር ላይ አስተማሪዎች ተሰብስበው ቆመዋል። ሲያዩኝ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ሁለተኛው እሱ ሆነ።

ከግቢ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ በዝናቡ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራቶ ከጭነት መኪና ሥር ገብቷል። ስለዚያ ሌላ የምጽፈው የለኝም። ጥያቄውን ልካ ጨርሳ ነበር። የደወለልኝ ባልደረባዋ ይህንን ደጋግሞ ነገረኝ። «ልካ ጨርሳለች፣ ደስ ብሏት ነው የወጣች» ይለኛል። ቦርሳዋንና ስልኳን ሰጠኝ። የስልኩ መስታወት ተሰንጥቋል፤ ይሠራ ነበር።

አጎቴ መጣ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ደብረ ማርቆስ ነው የሚኖረው። አቅፎኝ አለቀሰና ወዲያው ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

«ስማኝ» አለኝ። «እናትህ ዛሬ መስማት የለባትም። ገባህ? እንደ አባታችሁ እንዳይሆን።»

ገብቶኛል። አባታችን የሞተው አማኑኤል ከተማ ለሥራ በሄደበት ነው። እናቴ ያን ቀን ይጁቤ ገበያ ላይ ነበረች። የምታውቃት ሴት የሰማች መስሏት «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት። እናቴ ገበያው መሐል፣ እህልና ሰው መሐል፣ ወደቀች። ቤቷ ያደረሷት የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግፊት ያዛት፤ ገበያም እንደ ልቧ አትወጣም። ሐኪሙ ድንጋጤ አይደገምባት ብሏል። መርዶ የራሱ ወግ አለው፤ በጠዋት ነው የሚነገረው። ከብቶቹ ሳይሰማሩ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚይዝና የሚደግፍ ጎረቤት በዙሪያው ሲሰበሰብ። ሌሊቱን ብቻውን ይዞት እንዳያድር። ይጁቤ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከሰዓት በኋላ መኪና አይሄድም ነበር። ስለዚህ እስከ ጠዋት መጠበቅ ነበረብን። እስከ ጠዋት ማንም ሊደውልላት አይገባም።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ቆሜ ሳለ አንዲት ተማሪ ስልኳን አቅፋ ስታለቅስ አየሁ። ስክሪኑ ላይ የእህቴ ፎቶ ነበር። ከጎኑ ሻማ ተስሏል። ሄጄ ስልኩን ተቀበልኳት። የለጠፈው ያ የደወለልኝ የእህቴ ባልደረባ ነው፤ በተማሪዎቹ ግሩፕ ላይ።

«አውርደው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ፎቶዋን! እናቴ አልሰማችም!»

ፊቱ ተለወጠ። «እኔ… ሰው ማወቅ አለበት ብዬ ነው። ተማሪዎቿ…»

«አውርደው ነው የምልህ፣ ጋሼ!»

ስልኩን አውጥቶ አወረደው። ክፉ ሰው አይደለም። ሥራቸው እንደዚያ ሆኖ ነው። አንድ ኮከብ መንቃቱ ከተረጋገጠ ያየው ሰው በዚያው ቅጽበት ለዓለም ሁሉ ይናገራል። ነገ እናገራለሁ ብሎ የሚያድር የለም፤ ሌላው ቴሌስኮፕ ሳይዞር፣ ኮከቡ ተመልሶ ይተኛል። እሱም ያየውን ተናገረ። እኛ ጋ ደግሞ ያየ ሰው አፉን ይዞ ጠዋትን ይጠብቃል። ያን ቀን እኔ በሁለቱ መሐል ቆሜ ነበር። ዳታ መዘጋቱን ሁሉም ሰው ሲራገም ነበር የከረመው፤ እኔም ሱቅ ውስጥ ስራገም ነበር። ያን ከሰዓት ግን ተመስገን አልኩ። ከግቢውና ከሆስፒታሉ ዋይፋይ አልፎ ይጁቤ የሚደርስ ነገር አልነበረም።

ሲመሻሽ አጎቴ ቤት ተቀምጠን የእህቴ ስልክ ጠራ። ከስንጥቁ ሥር «እማዬ» ይላል።

«አታንሣው» አለ አጎቴ።

«ካላነሣሁት ከጉብታው አትወርድም። ዝናብ ነው።»

አነሣሁት።

«ሃሎ፣ እማዬ።»

«አንተ ነህ እንዴ? እሷስ?»

«ግቢ ናት። ስልኳን ትታው ሄዳ ነው።»

«በዚህ ዝናብ?» ከድምፅዋ ጀርባ ዝናቡ ጃንጥላዋ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

«ኮከቡ… እሱን እያየች ነው።»

«ነቃላት?»

«ነቅቷል፣ እማዬ።»

«እልልልል!» አለች እናቴ። እዚያ ጉብታ ላይ ብቻዋን እልል አለች። «የኔ ልጅ! ለፍታበታለች እኮ። አንተ ግን ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ነው።»

«ጉንፋን እንዲህ አያደርግም። ትኩሳት አለህ?»

«የለኝም። ጉንፋን ነው።»

«ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ። ለእሷም አስቀምጥላት፤ በርዷት ነው የምትገባ። ነገ ራሷ ትደውልልኝ።»

እሺ አልኳት።

ኮከቡ በእርግጥ ነቅቶ ነበር። ሁለተኛው ቴሌስኮፕ ዞሮ አይቶታል፤ የጎረቤት ራጅ አልነበረም። ባልደረባዋ ይህን የነገረኝ ለቅሶ ላይ መጥቶ ነው፤ በእሷ ስም መነገሩንም ነገረኝ። ስለዚህ ለእናቴ ያልኳት ያ አንዱ ነገር ውሸት አልነበረም። ያን ማታ ግን አላውቅም ነበር። ደፍሬ ነው ነቅቷል ያልኳት። እልልታውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ በሚኒባስ ተነሣን። አስከሬኑ ረፈድ ብሎ ይከተለናል። አጎቴና የእድራቸው ዳኛ ከፊት ተቀመጡ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ በሰፈሩ መርዶ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው ይባላል። እኔን ከኋላ አስቀመጡኝ። መንደሩ ሲቃረብ አጎቴ ዞሮ ነገረኝ።

«አንተ እንዳትታይ። አንተን በዚህ ሰዓት ካየች ሳንነግራት ታውቃለች፤ ትደነግጣለች። ጎረቤት አጥር ውስጥ ትቆያለህ። እሪታውን ስትሰማ ያን ጊዜ ትመጣለህ።»

ትክክል መስሎኝ ነበር። ሁላችንም ትክክል መስሎናል። ለጎረቤቶቹ ከይጁቤ በእግር ሰው ተልኮ በሌሊት ተነግሯቸው ስለነበር ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ከአጥሩ ሥር ተኮልኩለዋል። እኔም እነሱ መሐል ቆምኩ። አንዷ ትከሻዬን ይዛ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ግቢያችን ይታየኛል። ጭቃው፣ በረቱ፣ የእናቴ ጀርባ። ጥጃ እያሰረች ነበር።

«እንዴት አደርሽ?» አለ አጎቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አያ! ምነው በጠዋቱ?» ገመዱን ለቀቀችው። የእድሩን ዳኛ አየቻቸው። ከኋላቸው የገቡትን የመንደራችንን ሰዎች አየች።

«እስቲ አረፍ በይ» አሉ ዳኛው።

«አላርፍም።»

«እንግዲህ፣ እህቴ፣ የሰው ልጅ በዚህ ዓለም…»

«ከሁለቱ የትኛው ነው?» አለች እናቴ።

ሽማግሌው ለዚህ አልተዘጋጁም። መርዶ ከእግዚአብሔር ሥራ ነው የሚጀመረው፤ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እሳቸውም መንገዳቸውን አልለቀቁም። «ሁላችንም እንግዶች ነን፤ የሰጠ አምላክ…»

«ከሁለቱ የትኛው ነው እኮ ነው የምልህ፣ አያ!»

አጎቴ አፉን ከፈተ። እንባው ቀደመው፤ ምንም አልወጣውም።

«እሱ ነው» አለች እናቴ። «እሱ ነው! ማታ ድምፁ ልክ አልነበረም። ጉንፋን ነው አለኝ። ሐኪም ቤት ይዛው ሄዳ ነው እኔን ደብቃችሁኝ!»

ከዚያ ስሜን ጠርታ ጮኸች። ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ ደረቷን እየመታች፣ በልጅነቴ በምትጠራኝ ስም ጠራችኝ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች እሪታውን ሊቀበሉ ጀምረው አፋቸው ላይ ቀረ። እኔን አዩኝ። እሪታውን ስትሰማ ና ብለውኛል። እሪታው ግን የእኔ ነበር። እናቴ እኔን እያለቀሰች ነው።

አልተንቀሳቀስኩም። ለትንሽ ጊዜ ነው። ለምን እንደቆምኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኔ ከዚያ አጥር ጀርባ እስካለሁ ድረስ እህቴ እዚያ ግቢ ውስጥ በሕይወት አለች። እናቴ እሷን አልቀበረችም። እኔን ነው የምትቀብረው፤ ያም ቀላል መሰለኝ፤ እዚያው ልቆይላት ተመኘሁ። ዳኛው «አይደለም፣ አይደለም» ይላሉ፤ ማንም አይሰማቸውም። እናቴ ፊቷን በጥፍሯ መቧጨር ጀመረች።

የሴትየዋን እጅ ከትከሻዬ አወረድኩና በአጥሩ መግቢያ ወጣሁ። በጭቃው ላይ ሄድኩ። «እማዬ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ጩኸቷ ተቋረጠ። ደስ አላት። በእውነት ደስ አላት፤ ፊቷ ላይ ግልጽ ብሎ አየሁት፤ እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች። ከዚያ እጆቿ አየር ላይ እንዳሉ ቆሙ። ዓይኗ ከእኔ ጀርባ ያለውን ባዶ መግቢያ ፈለገ። ተከትሎኝ የሚመጣ ሰው አልነበረም።

ዳኛው ሊናገሩ ነበር። አላስቻለኝም። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ እናቴን በሁለት እጄ ያዝኳትና የእህቴን ስም እኔ ነገርኳት።